አጎበር ወባ ያመጣል እንዴ? የጥናት ውጤት የሚያዛቡ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ተቀምጠናል። አንድ ተመራቂ ተማሪ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረና «ጋሼ፣ ነገሩ ተገለበጠብኝ» አለኝ። ደሴና ከሚሴ ቤት ለቤት ዞሮ መጠይቅ አስሞልቷል። አጎበር ባላቸው ቤቶች ወባ በዝቶ ተገኘ!

«አብሽር፣ አጎበሩ ምንም አላጠፋም» አልኩት። እንዲህ ያሉ ስህተቶችን ደጋግሜ ስለማይ እነሆ።

ከጀርባ ያለውን ሦስተኛ ነገር አለመጠየቅ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ከሚሴ ከእሷ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ቆላ ናት። የወባ ትንኝ ሙቀት ትወዳለች። አጎበርም በብዛት የሚታደለው ወባ ባለበት ነው። ቆላነቱ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ መጣ፤ ልጁ የጠየቀው ግን ስለ አጎበር ብቻ ነው። ስውር ተለዋዋጭ ማለት ይኸው ነው። መፍትሔው? የከሚሴን ቤት ከከሚሴ ቤት ጋር ማወዳደር።

ሁሉንም ደምሮ አንድ መቶኛ ማውጣት። በ1986 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የወጣ የኩላሊት ጠጠር ጥናት አለ። ነባሩ ሰፊ ቀዶ ሕክምና 78 በመቶ፣ በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራው አዲሱ 83 በመቶ ተሳካ። አዲሱ በለጠ ትላላችሁ። በጠጠሩ መጠን ሲለያዩ ግን ነባሩ በሁለቱም በለጠ፤ በትንንሾቹ 93 ለ87፣ በትልልቆቹ 73 ለ69። አስቸጋሪዎቹ ትልልቅ ጠጠሮች የበዙት ነባሩ ዘንድ ነበር። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ሳየው አላመንኩም፤ ካልኩሌተር አውጥቼ ደግሜ አስልቼዋለሁ።

«ናሙናዬ ብዙ ነው» ብሎ መዝናናት። 400 ቤት የነበረውን 4,000 ብታደርጉት ያንኑ ስህተት የበለጠ ታምኑታላችሁ እንጂ አይጠፋም። ያላሰባችሁትን ነገር ጭምር የሚያመጣጥነው ማን እንደሚያገኝ፣ ማን እንደማያገኝ በዕጣ መለየት ነው። አጎበርን በዕጣ ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መከልከል ግን ነውር ነውና፣ ቢያንስ የቤቱን ከፍታ መዝግቡ።

ያገኙትን መረጃ ሁሉ ሞዴል (የስሌት ቀመር) ውስጥ መክተት። አጎበር የደም ማነስን ይቀንስ እንደሆነ ስታጠኑ፣ ወባ የያዛቸውን ከያዛቸው፣ ያልያዛቸውን ካልያዛቸው ጋር ብቻ ካወዳደራችሁ ጥቅሙ የሚመጣበትን መንገድ ራሳችሁ ዘጋችሁት፤ አጎበሩ የደም ማነስን የሚቀንሰው ወባን በመከላከል ነዋ።

ወቅትን መርሳት። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ዝም አለ።

«የከሚሴውን መቼ አስሞላህ?»

«ጥቅምት።»

«የደሴውንስ?»

«የካቲት» አለና ላፕቶፑን ከደነው።