እንቅልፍ የነሳኝ አምፖል

ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ጣሪያ ሲያስቆጥረኝ የነበረው ችግር የተፈታው አንድ አምፖል በመቀየር ነው። ጎንደር ፒያሳ የተገዛው የቀድሞው የጠረጴዛዬ አምፖል ካርቶኑ ላይ «6500 ኬልቪን» የሚል ተጽፎበት ነበር፤ ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር የቀን ብርሃን ዓይነት ነጭ ማለት ነው።

ዓይናችን ውስጥ ቀኑንና ሌሊቱን ለአንጎል የሚያሳውቁ ልዩ ሴሎች አሉ። ሜላኖፕሲን የተባለው ንጥረ ነገራቸው የሞገድ ርዝመቱ 480 ናኖሜትር ገደማ ለሆነ ሰማያዊ ብርሃን እጅግ ስሱ ነው። እንዲህ ያለው ነጭ አምፖል የያዘው ይህ ሰማያዊ ብርሃን ማታ ሲያገኛቸው፣ ለሰውነት የእንቅልፍ ሰዓት መድረሱን የሚነግረው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን መመንጨቱ ይዘገያል፤ የእንቅልፍ ሰዓትም አብሮ ይገፋል።

አምፖሉን በ2700 ኬልቪን ቀየርኩት። ቢጫ ነው፤ ለማንበብ ግን ይበቃል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የስልኬን ብርሃን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደርጋለሁ። ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገው ማስተካከያ ብቻውን ብዙም አይፈይድም፤ የብርሃኑ መጠንም ዋጋ አለው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ጠዋት ነው። ፀሐይ እንደወጣች በፋሲል ግንብ አጥር ዙሪያ በእግሬ እዞራለሁ። በክረምት ደመና ሥር እንኳ የውጭው ብርሃን ከቤት አምፖል ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የሰውነት ሰዓትም የሚቃናው በዚያ ነው።

አሁን አራት ሰዓት ሲሆን እንቅልፍ ይጥለኛል። በማታው ቡና ጉዳይ ብቻ ከእናቴ ጋር ገና አልተስማማንም።