የላፕቶፕ ስፒከር ጭጭ ሲል፦ መጀመሪያ ኢርፎን ሰኩ

የእህቴ ላፕቶፕ ማታ ፊልም ስታይበት ደህና ነበር። ጠዋት ስትከፍተው ጭጭ። ድራይቨሩን (ዊንዶውስ ከድምፅ ካርዱ ጋር የሚግባባበትን ፕሮግራም) አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። አልሆነም። ዊንዶውሱን ከነጭራሹ ላድሰው ስል ኢርፎን ሰካሁበት፤ ጥርት ብሎ ተሰማ። ለካ ጉዱ ያለው የኢርፎን መሰኪያው ውስጥ ነው።

እናንተም ከዚሁ ጀምሩ። በኢርፎን ከተሰማ ድራይቨሩን ለጊዜው ተዉት፤ ጥርጣሬያችሁ መሰኪያው ወይም ስፒከሩ ራሱ ላይ ይሁን። በኢርፎንም ካልተሰማ ወደ ሴቲንግና ድራይቨር እንሄዳለን።

መሰኪያው ውስጥ ኢርፎን መግባቱን የምታውቅ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። እሷ ከተጣበቀች ወይም ብናኝ ከተጫናት፣ ላፕቶፑ ኢርፎን እንደተሰካ ቆጥሮ ስፒከሩን ይዘጋዋል። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ። በስልክ መብራት ወደ ውስጥ እዩ። የእህቴ ላይ ግራጫ የጨርቅ ብናኝ ጥጉ ላይ ተጠቅጥቆ ነበር። በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብዬ አወጣሁት። መርፌ በፍጹም እንዳትጠቀሙ፤ ምላሷን ያጣምማል። ከዚያ ኢርፎኑን 10 ወይም 15 ጊዜ ሰካ ነቀል አድርጉት። እኛ ጋ በዚሁ አበቃ፤ እህቴ ከደስታዋ የተነሳ ዘፈኑን እስከ ጥግ ለቀቀችው።

ሴቲንጉ ቀላል ነው። ከታች በቀኝ ያለችውን የድምፅ ምልክት ተጫኑና ድምፁ ወዴት እንደሚወጣ እዩ። ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ አገናኝታችሁ ከነበረ ወይም የብሉቱዝ ኢርፎናችሁ ሌላ ክፍል ውስጥ ሳይጠፋ ከቀረ፣ ድምፁ ወደዚያ እየሄደ ይሆናል። ስፒከሩን ምረጡ።

ድራይቨር ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀር (የላፕቶፑ ዕቃዎች ዝርዝር ያለበት የዊንዶውስ ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ የድምፅ ካርዱን አንኢንስቶል አድርጉና ሪስታርት በሉት፤ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። ካልጫነው በላፕቶፑ ሞዴል ቁጥር ከአምራቹ ገጽ አውርዱ። ችግሩ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ ግን ወደ ቀድሞው ድራይቨር መመለስ ይሻላል።

አሁንም ዝም? ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም) በተጫነበት ፍላሽ ላፕቶፑን አስነሱትና ኡቡንቱን ላፕቶፑ ላይ ሳትጭኑት ሞክሩት። እዚያ ድምፅ ካለ ስፒከራችሁ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የዊንዶውሱ ነው። እዚያም ከሌለ ስፒከሩን መጠርጠር ይገባል። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ግን ስፒከራቸው ደህና ሆኖ ኡቡንቱ ላይ አይሰማም፤ ስለዚህ በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

መፍታት የለመዳችሁ ከሆነ የኋላ ክዳኑን ክፈቱ። ከሁሉ በፊት የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። የስፒከሩ ሶኬት ትንሽ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ 4 ቀጫጭን ሽቦዎች አሏት፣ ለእያንዳንዱ ስፒከር 2። አንዳንዴ ላላ ብላ ብቻ ትገኛለች። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስትለኩ ደህና ስፒከር ወደ 4 ወይም 8 ኦም ገደማ ያሳያል። ምንም ካላነበበ ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ በሞዴል ቁጥሩ ግዙ። አዲሱን ስትገጥሙ ሽቦው በድሮው ቦዩ ውስጥ መተኛቱን አይታችሁ ክዳኑን ዝጉ። ብሎን ሥር ገብቶ የተቆረጠ ሽቦ ገጥሞኝ ያውቃል።