ድሮ ጨረር የወሰደ ሰው አፍንጫው ወይም ጆሮው ሲደፈን ምን ያድርግ?

ጭንቅላቱ ወይም አንገቱ ላይ በጨረር የታከመ ሰው፣ ካንሰሩ ጠፍቷል ከተባለ ከብዙ ዓመት በኋላም አፍንጫውንና ጆሮውን ችላ እንዳይል እለምናለሁ። ጨረሩ ያረፈበት ጤነኛ ሕዋስ ከ5፣ ከ10፣ አንዳንዴም ከ30 ዓመት በኋላ ሌላ ዓይነት ካንሰር ሊያወጣ ይችላል። ብዙ ሰው አይገጥመውም፤ እንቅልፍ እንዳታጡበት። በልጅነታቸው ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የዓይን ካንሰር በዘር የያዛቸው ግን የበለጠ ይጠንቀቁ። እነሱ ጨረር ባይወስዱም ለሁለተኛ ካንሰር የተጋለጡ ናቸው፣ ጨረር ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ችግሩ ካንሰሩ የሚደበቅበት ቦታ ነው። ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከእንጥል በላይ ያለው ክፍል አፍ ተከፍቶ በባትሪ ቢታይ አይታይም።

በአንድ በኩል ብቻ የሆነ ነገር ሲቆይ ተጠራጠሩ። አንዱ አፍንጫ ተደፍኖ መቅረት፣ ደም የቀላቀለ ንፍጥ፣ አንገት ላይ የማያም እብጠት፣ የፊት መደንዘዝ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት። ብዙዎችን የሚያሳስተው ጆሮ ነው፦ ዕጢው ከጆሮ ወደ ጉሮሮ ጀርባ የሚወርደውን ቀጭን ቱቦ ሲዘጋው ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀምና ውሃ የገባበት ይመስላል፣ የራስ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፣ ሰውም ጠብታ እየገዛ ወራት ይፈጃል።

ከ3 ሳምንት ካለፈ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ። ገና ስትቀመጡ «ድሮ እዚህ ቦታ ጨረር ወስጃለሁ» በሉ። ይህን ካልነገራችሁት ሳይነስ ነው ብሎ መድኃኒት ቢያዝላችሁ አይፈረድበትም። ከዚያ በአፍንጫ በሚገባ ካሜራ ይታይልኝ ብላችሁ ጠይቁ። ደስ አይልም፣ ግን ማደንዘዣ ይረጫል፣ ቶሎም ያልቃል። የሚያጠራጥር ነገር ከታየ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል፣ ናሙናም ይወሰዳል። ናሙናውን አትፍሩት። በጨረር የተጎዳ ሥጋም በምስል ላይ ዕጢ ሊመስል ስለሚችል የሚለየው እሱ ነው። የድሮው የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት ካለ አብሮ ይታይ፣ የቀድሞው ካንሰር ተመልሶ ይሁን አዲስ ለማወቅ ይረዳል፤ ሕክምናቸው ይለያያል።

የድሮ ማስረጃችሁን ዛሬውኑ ፈልጉ። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር የብዙ ሰው ካርድ እዚያ ነው። ውጭ አገር የታከማችሁም ሆስፒታሉን ጠይቁ። የምትፈልጉት ጨረሩ የት ቦታ፣ በየትኛው ዓመት፣ ስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) እንደተሰጠ ነው። ድጋሚ ጨረር ካስፈለገ ሐኪሙ ምን ያህል መስጠት እንደሚችል የሚያሰላው ከዚህ ቁጥር ተነስቶ ነው።