አሮጌ ላዳ ኒቫን መርምሮ ለመግዛትና አስተካክሎ ለመንዳት

ከዓመታት በፊት አሮጌ ላዳ ኒቫ መግዛቴን ስናገር ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ያዘነልኝ ነበር። ዛሬ ያንኑ መኪና መንገድ ዳር ሳቆመው ወጣቶች አጠገቡ ፎቶ ይነሣሉ፤ የማላውቃቸው ሰዎችም መስኮቱን አንኳኩተው ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ይህ ለውጥ ቢያስደስተኝም ለገዢ አንድ አደጋ ይዞ መጥቷል። መኪናው ርካሽ በነበረበት ዘመን ሻጩ ጉዳቱን ለመሸፈን አይደክምም ነበር፤ አሁን ግን ተፈላጊ በመሆኑ የበሰበሰው ቦዲ በስቱኮና በሚያብረቀርቅ ቀለም ተሸፍኖ ለገበያ ይቀርባል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው መመሪያ በአብዛኛው ከቀለሙ ሥር ያለውን መኪና ስለማየት ነው።

በመጀመሪያ ግን ምን እንደሚገዙ ማወቅ ይጠቅማል። ለአዲስ አበባ ሰው «ላዳ» የሚለው ስም ቀድሞ የሚያስታውሰው ሰማያዊና ነጭ የተቀባውን ታክሲ ነው፤ በምዕራብ አውሮፓ ደግሞ ስሙ ለብዙ ዓመታት የቀልድ መነሻ ነበር። ኒቫም የቤተሰቡን ስም ተሸክሞ ስለኖረ የሚገባውን ክብር ሳያገኝ ቆየ። ሆኖም ቫዝ 2121 በሚል መጠሪያ በያኔዋ ሶቭየት ኅብረት በቶሊያቲ ከተማ ማምረት የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ሲሆን፣ በፒዮትር ፕሩሶቭ መሪነት የተነደፈው ይህ መኪና በዚያ ዘመን በሌሎች ትንንሽ የገጠር መኪኖች ላይ የማይገኝ ቅንብር ነበረው፦ ሸክሙን ራሱ የሚይዝ ቦዲ፣ በአራቱም ጎማዎች ላይ ባሌስትራ ሳይሆን ሞላ፣ ፊት ለፊት እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት አሠራር፣ እንዲሁም አራቱም ጎማዎች ሁልጊዜ የሚነዱበት ሥርዓት። በ1982 እና በ1983 በፓሪስ–ዳካር ውድድር ከመኪኖች ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰው ኒቫ ነው። ፋብሪካው ዛሬም ይህንኑ ቅርፅ «ኒቫ ሌጀንድ» በሚል ስም ያመርታል።

በሀገራችን ደግሞ ፍላጎቱን ያናረው የወጣቶች ፋሽን ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ። በዚህ ምክንያት ቀድሞ ገብቶ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ፤ በየግቢው ሣር የበቀለበት ኒቫም ባለቤቱ ዳግመኛ ያስታውሰው ጀመር።

ምርመራው ከቦዲው ይጀምራል

ኒቫ እንደ ቀድሞው ላንድሮቨር ወይም እንደ ላንድክሩዘር ራሱን የቻለ ሻንሲ፣ ማለትም ከቦዲው ሥር ሸክሙን የሚይዝ የብረት አጽም፣ የለውም፤ ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ የእግር ክፍሎቹም የሚታሰሩት በቦዲው ላይ ነው። ላንድክሩዘር ላይ የበሩ ላሜራ ቢዝግ መልክ ይበላሻል እንጂ መኪናው አይወድቅም፤ ኒቫ ላይ ግን ከበሮቹ ሥር የሚያልፈው ሳጥን መሰል ላሜራ ከበሰበሰ የመኪናው ወገብ ተሰበረ ማለት ነው። ሞተር በገንዘብ ይታደሳል፤ የበሰበሰ ቦዲን ግን ጎበዝ ባቱላሜራ ካላገኙ በቀር መመለስ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሞተሩ የሚያጨስ፣ ቦዲው ግን ጤነኛ የሆነ ኒቫ፣ ሞተሩ እንደ ሰዓት ከሚሠራ ዝገት የበላው ኒቫ ይሻላል።

ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ። ከበሮቹ ሥር፣ ክሪክ በሚገባባቸው ቦታዎች፣ በፓራፋንጎው ውስጠኛ ክፍል የፊቱ ሞላ በሚያርፍበት አካባቢ፣ ከፊት መስተዋት ግርጌ፣ እንዲሁም በኋላ በር ደፍ ላይ ቀስ አድርገው ያሳልፉት። ላሜራ ካለ ማግኔቱ ይሳባል፤ ስቱኮ ካለ ይንሸራተታል። እኔ ከመግዛቴ በፊት ያየሁት አንድ ኒቫ አረንጓዴ ቀለሙ ገና ይሸት ነበር፤ ማግኔቱ ከቀኙ በር ሥር አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ላይ መያዝ እምቢ አለ። በጣቴ ስመታው ድምፁ እንደ ካርቶን ታፈነ። ከሥር ገብቼ ጭቃውን ስጠርግ፣ ስቱኮው የአውራ ጣት ያህል ውፍረት እንዳለውና ከጀርባው ጋዜጣ ተጠቅጥቆ እንደተለሰነ አየሁ፤ የጋዜጣው ፊደል እንኳ ገና ይነበብ ነበር። ሻጩን አመስግኜ ሄድሁ።

ምንጣፉንም ማንሣት እንዳይረሱ። ኒቫ ውኃ በብዙ በኩል ስለሚያስገባ ወለሉ ከውስጥ ይዝጋል፤ ሻጩ ምንጣፉ ተለጥፏል ካለዎት እንዲያላቅቀው በትሕትና ይጠይቁ፤ እምቢ ካለ ሌላ መኪና ይፈልጉ።

ሞተሩና ትራንስፈሩ

የቀድሞው 1.6 ሊትር ሞተር ከላዳ 2106 የመጣ ነው፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። የላዳ ታክሲን ዕድሜ ልካቸውን ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒኮች ስላሉን፣ ስለ ሞተሩ የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም፤ ካርቡሬተሩም፣ ካንዴላውም፣ ብዙው መለዋወጫም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ሊገዙ ሲሄዱ ሞተሩ እንዳይሞቅ አስቀድመው ይንገሩ፤ ሲደርሱ ኮፈኑ ሞቆ ከጠበቀዎት በብርድ የመነሣት ችግር እየተደበቀ ሊሆን ይችላል። ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚሰማ ጠንካራ የመንኳኳት ድምፅ የቫልቭ ክፍተት በመስፋቱ ከሆነ ቀላል ሥራ ነው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይስተካከላል። ተስተካክሎም ድምፁ ካልጠፋ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ተበልቷል፤ ይህ በዚህ ሞተር ላይ የታወቀ ሕመም ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዘይት በጊዜው ባለመቀየሩ ነው።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ካንዴላውን አውጥተው ጫፉ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ሞተሩ ሞቷል ብለው አይደምድሙ፤ ካርቡሬተሩን ለከፍታው ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ጤነኛ ሆኖም ቢሆን ግን በ100 ኪሎ ሜትር ከ10 ሊትር በላይ እንደሚጠጣ አውቀው ይግቡ።

ሰውን ሁሉ የሚያስደነግጠው የትራንስፈሩ፣ ማለትም ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል፣ ድምፅ ነው። በኒቫ ላይ ትራንስፈሩ ከካምቢዮው ጋር አልተጣበቀም፤ በጎሚኒ ማሰሪያዎች ለብቻው በቦዲው ላይ ተሰቅሎ በአጭር ትራስሚሲዮን (ጉልበት አስተላላፊ ዘንግ) ከካምቢዮው ጋር ይገናኛል። ጎሚኒዎቹ ሲያረጁ ወይም ትራንስፈሩ ከመስመሩ ጥቂት ሲዛነፍ መኪናው በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ወለሉ ከእግር ሥር ይነዝራል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ያልተጎዳ ካምቢዮ አስፈትቷል። የትራንስፈሩን ማሰሪያ ብሎኖች አላልቶ ከካምቢዮው ጋር በአንድ መስመር ማቆም፣ ከዚያም መልሶ ማሰር በቅድሚያ መሞከር ያለበት ሥራ ነው፤ የተበላ ጎሚኒ ካለም በዚያው ይቀየራል። ንዝረቱ ከቀጠለ የትራስሚሲዮኖቹ ክሮቼራዎች (መተጣጠፊያ መገጣጠሚያዎች) ይፈተሹ። ኒቫ መቼም ቢሆን ጸጥ ያለ መኪና እንደማይሆን ግን አምኖ መቀበል ያስፈልጋል፤ ጥቂት የማርሽ ዜማ ጤንነቱ ነው።

የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥተው ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዟቸው። የፊት ኩሽኔታዎቹ በየጊዜው መጥበቅ የሚያስፈልጋቸው ዓይነት ስለሆኑ ትንሽ መላወስ የሚያስፈራ አይደለም፤ ተስተካክሎ የማይጠፋ ከሆነ ግን ይቀየራሉ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው ቀስ ብለው ሲነዱ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰሙ የፊት ጎማ ማዞሪያው መገጣጠሚያ አልቋል፤ ብዙውን ጊዜ መነሻው የተቀደደው የጎሚኒ ሽፋኑ ነው።

ወረቀቱ

በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በመኪናው ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ሲነዳው የኖረ ከሆነም በቀረጥ ነፃ ገብቶ እንደሆነና ቀረጡ ተከፍሎ እንደሆነ ይጠይቁ። ቦሎው ያለፈበት ከሆነ ስንት ዓመት እንደቆየ ማወቅ ስለ አቀማመጡ ብዙ ይናገራል።

ከገዙ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት ዘይቱን ሁሉ ይቀይሩ። ዘይት ያለው በሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ካምቢዮው፣ ትራንስፈሩ፣ የፊቱና የኋላው ዲፍረንሻል እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው፤ የትራንስፈሩም ሆነ የፊቱ ዲፍረንሻል ዘይት ለዓመታት ሳይነካ መኖሩ የተለመደ ነው። የሚወጣውን ዘይት በንጹሕ ጣሳ ይቀበሉት፤ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ የብረት ቅንጣት ካብለጨለጨበት ያ ክፍል መፈታት አለበት። ቀጥሎ የፍሬን ሥራ ይምጣ፤ መልክና ቀለም የመጨረሻው ይሁን።

ስለ መልኩ ካነሣሁ፣ አሁን የሚታየው ሰፋፊ ጎማ የማሰር ልማድ ያሳዝነኛል። ፋብሪካው የሰጠው ቀጭኑ 175/80 በ16 ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ወደ ጠጣሩ መሬት የሚወርድ ነው፤ ሰፊው ጎማ መሪውን ያከብዳል፣ ኩሽኔታውን ይበላል፣ የደከመውንም ሞተር ይበልጥ ያደክመዋል። የሱዙኪ ቸርኬ ይገጥማል ሲባል ይሰማሉ፤ አምስቱ የብሎን ቀዳዳዎች በርግጥ ይገጥማሉ፤ ነገር ግን የቸርኬው የመሐል ቀዳዳ ከኒቫው ስለሚሰፋ ጎማው መሐሉን ጠብቆ አይቀመጥም። የመሐል ቀለበት ሳያሠሩ በእርሱ ሩቅ መንገድ መሄድ አይገባም።

ማርሾቹን ማወቅ

ኒቫ የያዘ ሰው ሁሉ የማርሾቹን ሥራ ያውቃል ማለት አይደለም። ከዋናው ማርሽ ሌላ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች አሉ፤ አንዱ ፈጣኑንና ከባዱን ማርሽ ይለያል፣ ሌላው የመሐሉን ዲፍረንሻል፣ ማለትም የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደውን ክፍል፣ ይቆልፋል። የትራንስፈሩ የማርሽ ምጣኔ በከባዱ 2.135፣ በፈጣኑ 1.20 ስለሆነ፣ በከባዱ ሲነዱ ጉልበቱ በእጥፍ ሊጠጋ ይደርሳል፤ ዳገት ላይ ሞተሩን ከማስጨነቅ ይልቅ ቆመው፣ ፍሪሲዮን ረግጠው፣ ወደ ከባዱ ማዛወር ይሻላል። ቁልቁለት ሲወርዱም ከፍሬን ይልቅ ይኸው ማርሽ መኪናውን ይይዛል።

መቆለፊያው ሳይነካ፣ አንድ ጎማ ብቻ ጭቃ ውስጥ ቢሽከረከር ጉልበቱ ሁሉ ወደዚያ ጎማ ይሄዳል፤ ባለ አራት ጎማ ነጂው መኪና በአንድ ጎማ ምክንያት ቆሞ ይቀራል። ሲቆለፍ ግን ከፊትም ከኋላም ቢያንስ አንድ አንድ ጎማ ይጎትታል። ለዚህ ነው ጭቃ ውስጥ ከገቡ በኋላ ሳይሆን ከመግባትዎ በፊት መቆለፍ ያለብዎት። በአስፋልት ላይ ደግሞ መቆለፍ ክልክል ነው ብለው ይያዙት፤ በኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ፣ በጠጣር መሬት ላይ ያ ልዩነት መውጫ አጥቶ ትራስሚሲዮኑንና ማርሾቹን ይጠመዝዛል። ከጭቃው ወጥተው አስፋልት ሲረግጡ ዘንጉን መልሰው፣ የመቆለፊያው መብራት መጥፋቱን ይመልከቱ፤ ካልጠፋ ቀስ ብለው እየሄዱ መሪውን ጥቂት ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሱት፤ ጥርሶቹ ይለቃሉ፣ መብራቱም ይጠፋል።