በእንግሊዝ ደመናማ በጋ የቃሪያ አበባ እንዳይረግፍ

ቅጠሉ ለምለም፣ ግንዱ ጠንካራ ነው፤ አበባው ግን አንገቱ ቢጫ ይሆንና ይረግፋል። እንግሊዝ አገር በጁላይም ቢሆን ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በዚያ ቅዝቃዜ ፍሬ የሚያስይዘው የአበባው ዱቄት በደንብ አይሠራም።

ፍሬ ያስያዘው መጀመሪያ ቦታ መቀየር ነው፦ ከደጅ ወደ ግሪንሃውስ፣ ከሌለም ወደ ደቡብ ወደሚያይ መስኮት። ግሪንሃውሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋ፣ ጠዋት ይከፈት፤ እርጥበት ከታፈነ ግራጫ ሻጋታ አበባውን ያበሰብሰዋል። ውስጥ ንብም ነፋስም ስለማይደርስ፣ እኩለ ቀን ላይ የአበባውን መሃል በለስላሳ ብሩሽ መነካካት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ውሃ ነው። በደመና ቀን ተክሉ የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ፣ የላይኛው 2 ሳንቲሜትር አፈር ሳይደርቅ ውሃ አይጠጣ። ከማሰሮው ሥር ባለው ሳህን ላይ የቀረው ውሃ ይደፋ፤ ሥሩ ከታፈነ አበባው ቶሎ ይወድቃል።

ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠል ብቻ ያበዛል። አበባ ከታየ ጀምሮ ለቲማቲም የሚሰጥ፣ ፖታሲየም የሚበዛበት ፈሳሽ ማዳበሪያ በሳምንት አንዴ ይበቃል።

ካየን ለሚባለው ቀጭን፣ ረጅም የቃሪያ ዓይነት ይህ በቂ ነው። ሃባኔሮ የሚባለው በጣም የሚያቃጥል ዓይነት ግን ረጅም ሙቀት ስለሚፈልግ በጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ቤት ውስጥ፣ ሙቀት ላይ ካልተዘራ ፍሬው መብሰሉ ያጠራጥራል። የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች አረንጓዴ ሳሉ መልቀም አዲስ አበባ ያመጣል።