የታካሚ እርካታ ሲለካ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በጤና ጣቢያዎችና በመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሞላው የእርካታ መጠይቅ ብዙ ጊዜ ጥሩ ውጤት ያሳያል። ካርድ ክፍሉ በር ላይ ያለው ምሬት ግን እንዳለ ነው። ጥፋቱ በአብዛኛው አጠያየቁ ላይ ነው።

ጋዋን ለብሶ መጠየቅ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ታካሚው ነገም የሚታከመው እዚያው ስለሆነ፣ ባለሙያ ፊት ቆሞ «አልረካሁም» አይልም፤ «ተመስገን፣ ጥሩ ነው» ብሎ ይሄዳል። ጠያቂው የተቋሙ ሠራተኛ ያልሆነ፣ የታካሚውን ቋንቋ የሚናገር ይሁን። ስምም የካርድ ቁጥርም አይመዝገብ።

«ረክተዋል?» ማለት። መልሱ «አዎ» ነው፤ ምንም አያስተምርም። የሆነውን ነገር ይጠይቁ፦ «ሕመምዎ ምን እንደሆነ ተነገረዎት?» «ሲመረመሩ መጋረጃው ተዘግቶ ነበር?» «ከታዘዘልዎት መድኃኒት ስንቱን እዚሁ አገኙ?» የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት መቅረት የለበትም። መዋጮውን ከፍሎ፣ ከታዘዘለት 3 መድኃኒት 2ቱን ከውጭ ፋርማሲ በኪሱ የገዛ ሰው አባልነቱን ለማደስ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ከሐኪም ክፍል እንደወጣ ማናገር። ላቦራቶሪውና ፋርማሲው ገና ይቀራሉ። መድኃኒቱን ይዞ ሲወጣ፣ ግቢው በር አጠገብ ይጠየቅ።

የጥበቃ ጊዜን በግምት መያዝ። ካርድ ሲያወጣ ትንሽ ወረቀት ይሰጠው፤ ትሪያጅ (የሕመሙ ክብደት ታይቶ ታካሚው የሚለይበት ክፍል)፣ ሐኪም፣ ላቦራቶሪና ፋርማሲ የደረሰበትንና የተስተናገደበትን ሰዓት ይጻፉበት፤ ሲወጣ ይሰብሰብ። የላቦራቶሪ ውጤት ይዞ ወደ ሐኪሙ ሲመለስ የሚሰለፈው ሁለተኛ ሰልፍ ለብቻው ይመዝገብ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው፣ ታካሚውን የሚያንገሸግሸውም እሱ ነው።

ለመጠየቅ የተመቸውን ሰው ብቻ መምረጥ። በቀን 200 ታካሚ የሚመጣ ከሆነና 20 ሰው ከተፈለገ፣ ከ1 እስከ 10 ባለው ቁጥር ዕጣ አውጥቶ ከዚያ በየ10ኛው ሰው መጠየቅ ነው። ሰኞና የገበያ ቀን አይዘለል። ሳይታከሙ የሄዱትንም የካርድ ክፍሉን መዝገብ ከተመላላሽ ሕክምናው መዝገብ ጋር በማመሳከር መቁጠር ይቻላል።

በአስተያየት መስጫ ሣጥን ብቻ መተማመን። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ታካሚ ሣጥኑ የለም ማለት ነው። ቁልፉም ቅሬታ ከሚቀርብበት ክፍል እጅ ይውጣ።

አንድ አማካይ ይዞ ሪፖርት ማድረግ። ከአምስት አራት ነጥብ መጣ ማለት የፋርማሲውን ድክመት በሐኪሞቹ ትሕትና መሸፈን ሊሆን ይችላል። ውጤቱ በየክፍሉ ተለይቶ ይቅረብ፤ በወሩ የተስተካከለውም ታካሚ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።