ከተረት እስከ ረጅም ልብ ወለድ፦ ከ10 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች መጽሐፍ እንዴት እንደሚመረጥ

አማርኛ ለሚያነብ ልጅ መጽሐፍ መምረጥ ከሁሉም ይበልጥ የሚከብደው ከ10 እስከ 17 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ለሕፃናት የሚሆኑ ባለሥዕል ተረቶች በየመጻሕፍት መደብሩ ይገኛሉ፤ ለአዋቂዎችም ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠራቀም የኖረ ልብ ወለድ፣ ግጥምና ትርጉም አለ። ተረቱ ላነሰበት፣ ረጅሙ ልብ ወለድ ደግሞ ገና ለሚከብደው ልጅ ታስቦ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ተረት ሲነበብላቸው ደስ ይላቸው የነበሩ ብዙ ልጆች አሥራዎቹ ውስጥ ሲገቡ ከመጽሐፍ የሚርቁት በዚህ ክፍተት ምክንያት ይመስለኛል እንጂ ንባብ ስለሚጠሉ አይደለም። ስለዚህ የወላጅ፣ የታላቅ እህትና ወንድም ወይም የመምህር ድርሻ አዲስ መጽሐፍ እስኪጻፍ መጠበቅ ሳይሆን፣ ካሉት መጻሕፍት መካከል ልጁን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩትን መርጦ በቅደም ተከተል ማቅረብ ነው።

1. ልጁ ድምፁን አውጥቶ ሲያነብ ያዳምጡ

ዕድሜና የክፍል ደረጃ ብቻቸውን ስለ ንባብ ችሎታ ብዙ አይናገሩም። ቤት ውስጥ ካለ መጽሐፍ አንድ ገጽ ያስነብቡትና ሁለት ነገሮችን ያስተውሉ። የመጀመሪያው አነባበቡ ነው። የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ስለማያሳይ፣ አንባቢ ቃሉን በትክክል የሚጠራው የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ ሲከተል ነው። የሚጠብቀውን እያላላ፣ የሚላላውን እያጠበቀ የሚያነብ ልጅ ዓይኑ ፊደሉ ላይ ቢሆንም ታሪኩን እየተከተለ አይደለም። ሁለተኛው የማያውቃቸው ቃላት ብዛት ነው። የማያውቀው ቃል ባጋጠመው ቁጥር አንድ ጣት እንዲያጥፍ ይንገሩት። በአንድ ገጽ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ቢያጥፍ መጽሐፉ ይስማማዋል፤ አምስቱም ከታጠፉ ለጊዜው ብቻውን የሚያነበው አይደለም፣ አብረውት ሊያነቡት ግን ይችላሉ።

በውጭ አገር ላደጉ ልጆች ይህ ፈተና በሁለት ተከፍሎ ይደረግ። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በፍራንክፈርት ያደገ ልጅ ቤት ውስጥ የሚነገረውን አማርኛ አሳምሮ እየሰማ ፊደሉን ግን ቀስ ብሎ ሊያነብ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ በዓይኑ ደረጃ ብቻ ከመዘኑት የ12 ዓመት ልጅ የ6 ዓመት ልጅ ተረት እንዲያነብ ሊፈርዱበት ነው፤ ያም ያሳፍረዋል። ለጆሮው የሚመጥነውን እርስዎ ያንብቡለት፤ ለዓይኑ ደግሞ አጭርና ቀላል የሆነውን፣ ለምሳሌ ግጥም ወይም ቀልድ፣ ይስጡት።

2. የሚወደውን ነገር ይጠይቁ

«ምን መጽሐፍ ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ «አላውቅም» የሚል መልስ ያስገኛል። ከዚያ ይልቅ ምን ዓይነት ፊልም ደግሞ ደጋግሞ እንደሚያይ፣ ከጓደኞቹ ጋር ስለ ምን እንደሚከራከር፣ ከታሪክ ትምህርት የትኛው ክፍል እንደማረከው ይጠይቁት። መልሱ የጀብዱ፣ የምርመራ፣ የታሪክ ወይም የቤተሰብ ታሪክ እንደሚሻ ይጠቁማል።

3. ከ10 እስከ 12 ዓመት፦ አጭር፣ ግን ሐሳብ ያለው

በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ነገር ይጀመርለት፤ መጽሐፍ ጨርሶ መዝጋት ራሱ ለሚቀጥለው መጽሐፍ ጉልበት ይሰጣል። ከአማርኛ መጻሕፍት እኔ በቅድሚያ የማነሣው የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ነው። ግጥሞቹ አጫጭር ናቸው፣ ቤት እየመቱ ስለሚሄዱ ልጁ ሳያስበው በቃሉ ይይዛቸዋል፣ እያንዳንዱም የሚያከራክር ጥያቄ ትቶ ያልፋል። በሞላ ወንዝ ዳር ቆሞ ውኃው እንዲጎድልለት በመሰንቆ የሚለምነውን አዝማሪ ታሪክ ያነበበ ልጅ፣ የሰማው ውኃ ሁሉ አልፎ እየሄደ አዲስ ውኃ እንደሚመጣ ሲረዳ፣ ማን ይሰማል ማን አይሰማም በሚለው ላይ የራሱን ሐሳብ ማቅረብ ይጀምራል። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶችም እዚህ ቦታ አላቸው፤ የቃላት ጨዋታቸውን ለመረዳት ልጁ ደጋግሞ ማንበብ ስላለበት ሳቁ የንባብ ልምምድ ይሆነዋል።

ሌላው መንገድ ከባዱን መጽሐፍ በቃል መተረክ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ውስጥ ያሳተሙትና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ በጦርነት የተማረከ አባት፣ ቤዛውን የከፈለ ያልታወቀ ነጋዴ፣ ደግ አድራጊውን ፍለጋ ወጥቶ ባሪያ የሆነ ወንድምና እሱን ለማግኘት የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝ እህት ያሉበት ስለሆነ ለ11 ዓመት ልጅ የሚስማማ ጀብዱ ነው። ቋንቋው ግን ያረጀና የከበደ ነው። ስለዚህ እርስዎ አስቀድመው ያንብቡትና በጥቂት ምሽቶች ከፋፍለው ይተርኩለት፤ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን ከፍተው አንድ ወይም ሁለት አንቀጽ እንዳለ ያንብቡለት።

4. ከ12 እስከ 14 ዓመት፦ እኩያውን የሚያገኝበት ታሪክ

የዚህ ዕድሜ አንባቢ ዋና ገጸ ባሕርዩ እኩያው ወይም ጥቂት የሚበልጠው እንዲሆን ይፈልጋል። የአማርኛው መደርደሪያ ይበልጥ የሚሳሳውም እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፉትን መጨመር ያስፈልጋል። አገር ቤት ላለ ልጅ ይህ ሌላ ጥቅምም አለው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ የሚማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የመማሪያ መጽሐፍ ያልሆነ እንግሊዝኛ አስቀድሞ ቢለምድ ይቀለዋል።

ለመጀመሪያ የምመክረው የሊንዳ ሱ ፓርክ «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዋተር» ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር የሆኑ ቀጭን መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ከጦርነት የሸሸው የ11 ዓመቱ ደቡብ ሱዳናዊ ሳልቫ በእግሩ ተጉዞ ጋምቤላ ወደሚገኘው የኢታንግ መጠለያ ይደርሳል፤ የጊሎ ወንዝም በታሪኩ ውስጥ አለ። ሳልቫ ዱት በእውን ያለ ሰው ነው። በመንገዱ ላይ ሞትና ግድያ ስላለ ግን እነዚያን ምዕራፎች ከልጁ ጋር ቢያነቧቸው ይሻላል።

ቀጥሎ በአዲስ አበባ አስተምረው የነበሩት ብሪታኒያዊቷ ኤልዛቤት ሌርድ የጻፉት «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» ይመጣል። እናቱን አጥቶ ለጉልበት ሥራ ወደ ገጠር የተወሰደው ማሞና ከሀብታም ቤት የጠፋው ዳኒ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ይገናኛሉ። የከተማው ልጅ ይህን መጽሐፍ ሲያነብ በየቀኑ አጠገባቸው የሚያልፋቸውን እኩዮቹን ስማቸውን ይዞ ያውቃቸዋል፤ ይህንን ለማድረግ ከልብ ወለድ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ታሪክ ለሚወዱ ደግሞ ልጅነታቸውን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በምትገኘው በማጂ ያሳለፉት ጄን ከርትዝ በ19ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ስላለች ልጅ የጻፉት «ሳባ» አለ። የእኚሁ ደራሲ «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» ወደ ሱዳን የሚሰደዱ የሁለት ልጃገረዶች ታሪክ ሲሆን፣ አንዷ ዓይነ ስውር ቤተ እስራኤላዊት ናት። በእስራኤል የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸው የአያቶቻቸውን ጉዞ እንዲጠይቁ መነሻ ሊያደርጉት ይችላሉ።

በአውሮፓ ለሚኖር ልጅ የቤንጃሚን ዜፋናያ «ሬፊዩጂ ቦይ» ይስማማል። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆኑት የ14 ዓመቱ ዓለም በሁለቱ አገሮች ጦርነት ምክንያት እንግሊዝ ውስጥ ብቻውን ይቀራል። በማንነቱ ላይ በሁለት ወገን የሚጠየቅ ልጅ ራሱን የሚያገኝበት መጽሐፍ ነው።

5. ከ15 ዓመት በላይ፦ ረጅሙን ልብ ወለድ በምዕራፍ ከፋፍሎ መያዝ

የሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለወጣቶች ተብሎ የተጻፈ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ግን ወጣቶች ሲያነቡት ኖረዋል፤ ጉዳዩም የእነሱ ነው። በዛብህ ገና ሳይጠይቁት በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌል በአባቷ ኩራት ምክንያት ዕድሜዋ የሚያልፍባት ልጅ ናት። የወላጅ ቃልና የልጅ ፍላጎት ሲጋጩ ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ የ16 ዓመት ልጅ በየቤቱ የሚያነሣው ስለሆነ፣ መጽሐፉን ሲሰጡት «ታላቅ ድርሰት ነው» ከማለት ይልቅ ይህንን ጥያቄ ቢነግሩት ይሻላል።

የሚያስቸግረው ርዝመቱና የዘመኑ ኑሮ ነው። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ የሚጀምረውም በበዛብህ ሳይሆን በወላጆቹ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ትዳር ነው። ፈጣን አጀማመር የለመደ ወጣት እዚያው ሊያቆም ስለሚችል የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች አብራችሁ አንብቧቸው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያቀረቡት ትረካ በኢንተርኔት ስለሚገኝ፣ አንድ ምዕራፍ ሰምቶ ቀጣዩን በዓይኑ እንዲያነብ ማድረግም ይቻላል። ማንበብ ከመጀመሩ በፊት የፊታውራሪ ማዕረግ፣ የገባር ሥርዓትና የቆሎ ተማሪ ኑሮ ምን እንደነበሩ በአጭሩ ያስረዱት፤ ከዚያ ወዲያ ቃላትን በየመስመሩ እያስቆሙ አይተርጉሙለት። ጉዱ ካሣ በሚናገርባቸው ገጾች ላይ ግን ቆም ማለት ተገቢ ነው። ወጣቶች ብዙ ጊዜ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እሱን ነው፣ ምክንያቱም ሌላው ሰው ዝም ያለበትን ነገር ይናገራልና። መጨረሻውን አስቀድመው አይንገሩት።

ከዚህ በኋላ እንደ ፍላጎቱ መንገዱ ይለያያል። ጀብዱ ለሚወደው የማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች አሉ። ስለ ቅርብ ጊዜ ታሪክ ለሚጠይቀው፣ ለ17 ዓመት ወጣት፣ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» መስጠት ይቻላል፤ ጦርነትና የአዋቂዎች ፍቅር ስላለበት ከዚያ በታች ላለ ልጅ አልመርጠውም። የሕይወት ታሪክ የሚፈልግ ደግሞ በሱዳን የስደተኞች መጠለያ አልፈው አሜሪካ ያደጉት ማዊ አስገዶም የጻፉትን «ኦፍ ቢትልስ ኤንድ ኤንጅልስ» ያንብብ።

6. ከመስጠትዎ በፊት በከፊል ያንብቡት

መጽሐፉን ሁሉ ለማንበብ ጊዜ ከሌለዎት መጀመሪያውን፣ ከመካከል 20 ገጽ ያህልና የመጨረሻውን ምዕራፍ ይመልከቱ። ግጭት፣ ሞት ወይም ፍቅር ስላለበት ብቻ አይጣሉት፤ መጠየቅ ያለበት ልጁ ያንን ሲያነብ ከማን ጋር ይነጋገርበታል የሚለው ነው። ለመነጋገር ዝግጁ ካልሆኑ መጽሐፉን ለጊዜው ያቆዩት።

7. መጽሐፉን ከየት ማግኘት ይቻላል?

በአዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትና ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) አሉ። የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍትም መዘንጋት አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ ጥሩ መጽሐፍ አቧራ ለብሶ የሚገኘው እዚያ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ አሁን የማይታተሙትን ማግኘት ይቻላል፤ ሲገዙ የጎደለ ገጽ አለመኖሩን ይፈትሹ፣ የቀለሙንም ጥራት ይመልከቱ፤ ደብዛዛ ኅትመት የጀማሪን አንባቢ ዓይን በቶሎ ያደክማል። ልጁን ይዘው ይሂዱና ከሁለት ወይም ከሦስት መጻሕፍት መካከል ራሱ ይምረጥ። በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች በአካባቢያቸው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የእንግሊዝኛዎቹን መዋስ ይችላሉ፤ የአማርኛዎቹን ግን ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ እንዲያመጣላቸው ዝርዝሩን አስቀድመው ቢልኩ ይሻላል።

8. ካነበበ በኋላ ይነጋገሩ፣ አይፈትኑ

«ዋና ገጸ ባሕርዩ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ንባቡን የትምህርት ቤት ፈተና ያደርገዋል። «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ወይም «ማንን አላመንከውም?» ብለው ቢጠይቁ ልጁ ራሱ ወደ ገጹ ተመልሶ ማስረጃ ይፈልጋል። እርስዎም የተሰማዎትን ይንገሩት፤ ካልተስማማዎት ይከራከሩ።

ልጁ መጽሐፉን ማቋረጥ ቢፈልግ ከ30 እስከ 50 ገጽ እንዲታገሥ ይጠይቁትና ከዚያ በኋላ ይተዉት። ለምን እንዳቋረጠው ግን ይጠይቁ። «ቃሉ ከበደኝ» ካለ በሚቀጥለው ጊዜ አብረው ያንብቡ ወይም በዚያው ጉዳይ ላይ ቀለል ያለ ይፈልጉ፤ «ሰለቸኝ» ካለ የታሪኩን ዓይነት ይለውጡ። የጨረሳቸውንና ያቋረጣቸውን መጻሕፍት ከምክንያታቸው ጋር በአንድ ደብተር ላይ እንዲጽፍ ያድርጉ፤ ቀጣዩን መጽሐፍ ለመግዛት ሲወጡ ያንን ደብተር ይዘው ይውጡ።